ወንድ ኮሶ ለማየት ላስታ ድረስ

ከላስታ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ቤተ ጊዮርጊስን አየሽው?» ይለኛል። አይቼዋለሁ። ከሚባለውም በላይ ነው። እዚያ ድረስ መሄድ ለማይሆንላችሁ ላወራ የተቀመጥኩት ግን ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ እሱ የጻፈም ያወራም ሞልቷል። እኔ የሄድኩት ኮሶ ለማየት ነው። አዎ፣ ያንን ስሙ ሲጠራ እንኳ ሰው ፊቱን የሚያጨማድድለትን ዛፍ።

እንዳይገርማችሁ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እኔ የኮሶ ሻጭ ልጅ ነኝ። በቋንቋችን ይህ ስድብ መሆኑን አውቃለሁ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ የደረቀ የኮሶ አበባ በእፍኝ እየሰፈረች ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። ልጆች ሰድበውኝ እያለቀስኩ ስገባ «ታዲያ ውሸት ነው?» ትለኝና ሥራዋን ትቀጥላለች። አድጌ የባዮሎጂ መምህርት ከሆንኩ በኋላ አዲስ ክፍል በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የምናገረው ይህንኑ ነበር። ከኋላዬ ከሚንሾካሾኩ ከፊቴ ቢስቁ ይሻለኛል።

የጉዞው ምክንያት ሙሉ ናት። ሙሉ የላሊበላ መምህርት ናት፤ ባሕር ዳር በክረምት ኮርስ እሷ ከላይ እኔ ከታች አልጋ ላይ እየተኛን ብዙ አውርተናል። እናቷ እማማ ዘነቡ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ባለች መንደር ይኖራሉ፤ እሳቸውም እንደ እናቴ ኮሶ ሻጭ ናቸው። ሙሉ አንድ ቀን «እናቴ በዛፍ ምክንያት ከደብሩ ሰዎች ጋር ተጣልታለች» ብላ የነገረችኝ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ከልቤ አልወጣም።

ኮሶ ወንዱ ሌላ ዛፍ፣ ሴቷም ሌላ ዛፍ ናት። ያንን ቀይ፣ በዘለላ የሚንጠለጠል አበባ የምታወጣው ሴቷ ስትሆን የሆድ ትል የሚያስወጣው መድኃኒትም የእሷ ነው። ወንዱ ፈዘዝ ያለ አበባ ያወጣል፤ ብናኙን ለነፋስና ለንብ ሰጥቶ ይረግፋል። አይጠጣም፣ አይሸጥም። ስለዚህ በእነ እማማ ዘነቡ መንደር ሳንቃ በተፈለገ ቁጥር «ወንዱ ምን ያደርጋል?» እየተባለ የሚቆረጠው ወንዱ ነበር። የመጨረሻው ወንድ ኮሶ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በር ሆነ። በቅጥሩ ውስጥ የቀሩት ሦስት አሮጊት ሴት ኮሶዎች ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ያብባሉ፤ ዘራቸው ግን ባዶ ገለባ ነው። አንድ ችግኝ እንኳ አልበቀለም።

እማማ ዘነቡ ይህን አይተው ከተራራው ላይ ችግኞች ነቅለው አመጡና በቅጥሩ ጥግ ተከሉ። ውርጩና ፍየሉ አንዱን ብቻ ተዉላቸው። የኮሶ ችግኝ ደግሞ እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት ማንም አያውቅም፤ ዓመታት መጠበቅ ነው። እኔ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ ኅዳር እንደገባ፣ ሙሉ ደወለችልኝ። «ያ ዛፍ እምቡጥ ይዟል» አለችኝ። «ሴት ከሆነች ትቆይ፣ ወንድ ከሆነ ተቆርጦ ሳንቃ ይሁን ብለው ወስነዋል።»

ወንዱን በመቁረጥ ያመጡትን መከራ ወንዱን በመቁረጥ ሊጨርሱት! ስልኩን ዘግቼ ሻንጣዬን አወረድኩ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ከማርቆስ ተነሣ። በግራም በቀኝም ጤፍ እየታጨደ ነበር። ለእማማ ዘነቡ ስጦታ ብዬ አንድ ትንሽ ጀሪካን ማር ይዣለሁ፤ ጎጃሜ በኅዳር ባዶ እጁን እንግድነት ከሄደ ዘመዶቹም ይታዘቡታል።

ኮሶበር ስንደርስ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ኮሶ ፈለግሁ። ከተማው በስሙ እንኳ ኮሶ የያዘ ነው። ያየሁት ባሕር ዛፍ ነው፤ ከዚያም ባሕር ዛፍ፣ ከዚያም የባሕር ዛፍ አጣና የጫነ መኪና። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ምን እንደምፈልግ ጠይቃኝ ስነግራት «ኧረ ኮሶውንስ አያቶቻችን ጠጥተው ጨረሱት» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጠጥተው የጨረሱት ዛፍ የለም፤ ቆርጠው የጨረሱት እንጂ።

ባሕር ዳር አድሬ፣ ማግስቱ ረቡዕ መሆኑን አስቤ ዓሣውን ጠግቤ በላሁ። የያዝኩት አልጋ ርካሽ ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅሁት መብራት ካጠፋሁ በኋላ ነው። የማርቆስ ብርድ ቢምቢ አያኖርም። እዚህ ግን ሌሊቱን ሙሉ በጥፊ የመታሁት የራሴን ፊት ነው።

ረቡዕ

ከወረታ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ አስፋልቱን ተሰናበትነው። ሰዉ «የቻይና መንገድ» የሚለው ፒስታ ነው፤ ጠመዝማዛውና አቧራው ያው ነው። ከፊቴ ኮትና ክራቫት ያደረገ፣ ራሱ መላጣ የሆነ ነጋዴ ተቀምጦ ከሁሉም ጋር ያወጋል። ተራው እኔ ላይ ደረሰና «እናቴ፣ ላሊበላ ለንግሥ ነው?» አለኝ።

«የለም፣ ኮሶ ለማየት ነው» አልኩት።

«ኮሶ ለማየት?» ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰው ኮሶን ይሸሻል እንጂ በአውቶቡስ ይሄድበታል?» አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። «የኮሶ ሻጭ ልጅ ነኝ፣ የሥጋ ዘመዴ ነው» ብዬ መለስኩለት። እንዲህ ሲሉት ሰው የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ጉናን ስንወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣታችንን አደነዘዘው። መንገዱ ያንገላታው ጀሪካኔ ከላይ ከዕቃ መስቀያው ላይ ተሰነጠቀና ማሩ ጠብ ማለት ጀመረ። የወረደውም በዚያ ነጋዴ መላጣ ላይ ነው። ሰውየው ዳበሰው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጣቱን ላሰው።

«የማን ማር ነው?» አለ።

«የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ማርስ ማር ነው» አለ ራሱን በመሐረብ እየጠረገ።

«ከጮቄ ግርጌ ነው የመጣው። ንቡ የቀሰመውም ኮሶ ነው» አልኩት። እውነት ይሁን አይሁን ንቡን አልጠየቅሁትም፤ አጋጣሚው ግን የሚታለፍ አልነበረም። ደግነቱ ቂመኛ አይደለም፤ ኮቱን አውልቆ ጀሪካኑን አወረደልኝና ከሻንጣው ላስቲክ አውጥቶ እየደራረበ ጠቀለለልኝ። ነፋስ መውጫ ላይ ሲወርድ «ኮሶዬን ሰላም በይልኝ» አለኝ።

ምሳ ኮን ላይ ቆምን። ሽሮ በገብስ እንጀራ ቀረበልኝ። እኛ ማርቆስ ገብስን ለጠላና ለቆሎ እንጂ ለእንጀራ ብዙም አንደክምበትም። የኮኑ እንጀራ ወፈር ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ጥቂት ጉርሻ የሚያጠግብ ነው። ከጤፋችን አይበልጥም፤ ዋሽቼ አላስደስታቸውም። ጋሸና እስክንደርስ ግን አልራበኝም።

ጋሸና ነፋስ ነው። ገበያተኛው አልጋውን ሁሉ ይዞት አንዱ በር ሲዘጋብኝ ወደ ሌላው ስሄድ መሸብኝ። በመጨረሻ አንዲት ሰናይት የምትባል የሻይ ቤት ባለቤት አየት አድርጋኝ «እናቴ፣ በዚህ ብርድ ደጅ አያድሩም፤ የእኔ አልጋ ይበቃዎታል» አለችኝ። እሷ መደብ ላይ ተኛች። እምቢ ስላት ተቆጣችኝ። የት እንደምሄድ ስነግራት ተነሣችና ከስኳር ቆርቆሮዎቹ ጀርባ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣች። ደረቅ ኮሶ ነበር።

«ክኒኑን ሞክሬዋለሁ፤ ለእኔ አልሆነኝም» አለችኝ። «የምደብቀው ሰው እንዳያይብኝ ነው። ኮሶ ትጠጣለች ከሚሉኝ ሌባ ቢሉኝ ይሻለኛል።»

ተናደድኩ፤ በእሷ ሳይሆን በነገሩ። ሰው የሚያሽረውን ነገር እንደ ነውር ከቆርቆሮ ጀርባ ይደብቃል፣ የሚያሰክረውን ደጅ ላይ በሰሌዳ ጽፎ ይሰቅላል። ይህንኑ ነገርኳት። ሳቀች፤ ቋጠሮውን ግን መልሳ እዚያው አስቀመጠችው።

ሐሙስ

ወደ ላሊበላ የሚወርደው ሚኒባስ ጎማው ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማውም ከዚያ በፊት የፈነዳ ነበር። ሾፌሩ በሌላ መኪና ጎማ ፍለጋ ሲሄድ እኛ ከመንገዱ ዳር ተቀመጥን። ገብስ የሚያጭዱ ባልና ሚስት ሥራቸውን ትተው ቆሎና ውኃ አመጡልን። ሚስትየዋ «እንግዳ ደጃችን ተቀምጦ እኛ አናጭድም» አለች። የእኛ ሰው ደግ አይደለም አልልም፤ ግን ማርቆስ ዳር ላይ ጎማ የፈነዳበት መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው ምክር ነው።

ላሊበላ ስደርስ ሙሉ መናኸሪያው ላይ ቆማ ነበር። ተሳሳምን፤ ግን ፊቷ ልክ አይደለም። ቤቷ ገብተን ገና እግሬን ሳልታጠብ ነገረችኝ።

«እትዬ የሺ፣ እናቴ ቅዳሜ የቁም ተዝካሯን ልታወጣ ነው።»

የቁም ተዝካር ምን እንደሆነ ለማታውቁ፤ ልጅ የሌለው ወይም ዘመዱን የማያምን ሰው፣ ሳይሞት የራሱን ተዝካር ደግሶ ካህናቱንና ድኃውን የሚያበላበት ወግ ነው። ከሞትኩ በኋላ ማን ያስበኛል የሚል ሰው ነው የሚያደርገው።

«እኔ ልጇ በሕይወት እያለሁ!» አለች ሙሉ። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አገሩ ምን ይለኛል? ልጅዋ የማትረባ ብትሆን ነው ይለኛል። እኔ ስጠይቃት የምትለኝ 'ለኮሶው ነው' ብቻ ነው። አንች ትልቅ ሰው ነሽ፣ ተይ በያት።»

እሺ አልኳት። ምን ልበላት? በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አለቅስ ነበር።

እንድትረጋጋ ብዬ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ይዣት ወጣሁ። ያየሁትን ሁሉ አልዘረዝርም። አንድ አስጎብኚ ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ያለው አለት ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ትንሽ ቅጠል ሳይ አይቶኝ «እናቴ፣ እሱን አይዩት፤ አረም ነው። ሥሩ ድንጋዩን ስለሚሰነጥቅ እንነቅለዋለን» አለኝ። ልክ ነው፣ መነቀል አለበት። ቢሆንም ያንን የሚያህል አለት ከሥር ሊከፍት የሚነሣ ቅጠል ደስ አለኝ። ለሙሉ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ዓርብ

ጠዋት ከሙሉ ጋር በእግር ወጣን። ጎጃም ደጋውም ሰፊ ነው፣ እግር ዘና ብሎ ይሄዳል። ላስታ ግን ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ፤ መሀል የሚባል ነገር የለም። የገብስ ማሳው እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድሯል። ከዚያ በላይ ሰዉ ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመድም የሚገምድበት የጓሳ ሣር ይታያል። ከዚያም በላይ የአስታ ቁጥቋጦው፣ በጭጋጉ ውስጥ ደግሞ እንደ ዘበኛ ለየብቻው የቆመው ጅብራ የሚባለው ተክል። በየማረፊያው ያገኘናቸው ሰዎች «እንደምን ዋላችሁ» ካሉ በኋላ የሚያነሡት ወሬ አንድ ነው፤ ተዝካሩ። ሙሉ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

እማማ ዘነቡ ደጃቸው ላይ ለነገው ድግስ ጣሳ ሲያጥቡ አገኘናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሴት ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንች ነሽ የኮሶ ሻጭ ልጅ?» አሉኝ።

«ነኝ።»

«ግቢ እንግዲያ።»

በሕይወቴ ይህንን ቃል ያለ ስድብ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ላስቲክ የተጠቀለለውን ማሬን ስሰጣቸው ጎኑን አዩና «ለመንገዱም አካፍለሽዋል» አሉ። ዓርብ ስለሆነ በሶ በጥብጠው ሰጡንና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዱን።

ሦስቱ አሮጊት ኮሶዎች ቀይ ዘለላቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል። ግንዳቸው ተቦርቡሯል፤ አንዷ በአንድ ጎን ዘንበል ብላለች። ከወደቀው የዓምና ዘር አንሥቼ በጥፍሬ ፈለቀቅሁት፤ እንደተባለው ባዶ ነው። በቅጥሩ ጥግ ያ የተተከለው ዛፍ አለ፤ ከሰው ቁመት ብዙ ይበልጣል፣ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ የተጨበጠ እምቡጥ ይዟል።

«እማማ» አልኳቸው፣ ለሙሉ የገባሁትን ቃል አስቤ፤ «ልጅ እያለዎት ይህ ተዝካር ይቅርብዎት። ሰው ይታዘባታል።»

እሳቸው መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለሙሉ ሰጡ። «አንች ልጄ፣ ደብተርሽ፣ ጫማሽ፣ የማሠልጠኛ ስንቅሽ ኸዚች ኸዘመመችው ዛፍ ነው የወጣው። እሷ ነገ ትወድቃለች። እነዚያም ይከተሏታል። ወንድ ኸሌለ ልጅ የላቸውም። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ለደብሩ ሰዎች ተናገርኩ፤ 'አንች ሴትዮ፣ ወንዱ ምን ያደርጋል' ነው የሚሉኝ። የኮሶ ሻጭ ወሬ ማን ይሰማል? የሟች ኑዛዜ ግን ይሰማሉ። ተዝካሯን የበሉላትን ሴት ኑዛዜ ማፍረስ ደግሞ ይፈራሉ።»

«ታዲያ እስክትሞች ጠብቂ» አለች ሙሉ።

«ስሞትማ ዛፉ በር ሆኗል።»

ሙሉ ፊቷን ወደ ዘመመችው ዛፍ አዞረች። እኔም ቃሌን በላሁ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የማን ወገን እንደሆንኩ ግልጽ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። «እምቡጡን በምላጭ ከፍቼ ባየው ወንድ ይሁን ሴት ዛሬውኑ ልነግርዎት እችላለሁ» አልኳቸው።

«እንዳትነኪው» አሉኝ። «ኸነገው በፊት ማንም አይወቅ፣ እኔም ጭምር። አውቄ ኸተናዘዝኩ ተንኮል ነው። ሳላውቅ ኸተናዘዝኩ ግን እግዜርም ይፈርድልኛል።»

ያቺን እምቡጥ ለማየት እጄ እየበላኝ አደርኩ።

ቅዳሜ

ሁለት በግ ታረደ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ጠላው የገብስ ነው፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ታጥኗል። ጠላ ቅጂ ተብዬ የመጀመሪያውን ጣሳ ሳቀብል አንድ አረጋዊ ጉልበት ላይ ደፋሁት። አንዲት ጎረቤት «ለቀስተኛዋን ከጎጃም አስመጥታችሁ እንዴት ጠላ ታስቀዷታላችሁ?» ስትል እማማ ዘነቡ «ለቅሶውን ስሞት ትመጣና ታለቅሳለች፤ ዛሬ ትልመድ» አሉ። ሟቿ እንዲህ ሲቀልዱ የሳቀው ሰው ብዙ ነው። ሙሉ ግን ዳቦ እየቆረሰች አንዴም ቀና አላለችም።

የደብሩ ቄሰ ገበዝ አባ አድማሱ የእማማ ዘነቡ ንስሐ አባትም ናቸው። ግዙፍ ናቸው፣ ድምፃቸውም ጎርናና ነው፤ ዛፉ ይቆረጥ ያሉትም እሳቸው ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድኃው ሳይበላ እኔ አልበላም ብለው ሲጠብቁ አይቻለሁ። ሁሉም በልቶ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ጣሳው ለሁለተኛ ጊዜ ሲዞር እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን አደግድገው መሀል ቆሙ።

«አባ፣ ኑዛዜዬን ይስሙኝ። እናንተም ምስክር ሁኑ» አሉ። «ለልጄ ቤቴንና በጎቼን ትቻለሁ። ለራሴ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። መቃብሬ በቅጥሩ ጥግ ይሁን። ራስጌዬ ላይም ወንድ ኮሶ አብቦ ይቁም። ያብባል፣ ይረግፋል፣ ማንም አይቆርጠውም። ራስጌዬ ወንድ ኮሶ ሳይኖር አፈር ብታለብሱኝ ግን ዛሬ የበላችሁት ዕዳ ይሁንባችሁ።»

አንዳንዱ የያዘውን ጣሳ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ፤ የጠጣው ግን አንዴ ወርዷል።

«ይህ ኑዛዜ አይደለም፣ ወጥመድ ነው» አሉ አባ አድማሱ።

«ወጥመድስ ቢሆን አባ፣ ጠላው ጥሩ አልነበረም?» አሉ እማማ ዘነቡ።

አባ አድማሱ ሳቃቸውን ለመያዝ ጺማቸውን ጨበጡ። ከዚያ ፊታቸው ከበደ። «እንግዲህ የተበላ ተዝካር አይመለስም» አሉ። «ወንድ ሆኖ ከተገኘም አይቆረጥም።» ይህን ሲሉ ሙሉ እጇን ጠርጋ ተነሣች፤ መጥታ ከእናቷ ጎን ቆመች። የሚያፍር ልጅ እንደዚያ አይቆምም።

እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ነበር፤ የዛፉ የታችኞቹ እምቡጦች ተከፍተዋል። ወሬው ስለተሰማ ሰው ሁሉ ከኋላችን መጣ። እማማ ዘነቡ «እንግዲህ ተማሪ ያስተማርሽበትን ዓይን አሳይን» አሉኝ። ቅርንጫፉን ጎትቼ አንዷን አበባ መዳፌ ላይ አደረግሁ፤ ከዚያ ሌላዋን፣ ከዚያ ከሌላ ቅርንጫፍ። ብናኝ የሚይዘውን ክር ፈለግሁ። የለም። መሀሏ ላይ ያለው ብናኝ የሚቀበለው ነው፤ ዳርዳሩም ቀላ ማለት ጀምሯል።

«እማማ» አልኩ፤ «ሴት ናት።»

ሙሉ «ወይኔ» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ጥበቃ፣ ያ ሁሉ በግና ገብስ ለአራተኛ ሴት ኮሶ ሆነ። ልቅሶዬ መጣ፤ ያን ጊዜ የጎጃም ለቀስተኛ ቢፈልጉ ያገኙ ነበር። እማማ ዘነቡ ግን ዛፏን ላይ ታች አዩና ግንዷን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

አባ አድማሱ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሱ። «እሰይ» አሉ። «ሴት ከሆነችማ መድኃኒት ናት፤ ድሮም አንቆርጣትም። ነገሩ ሁሉ በሰላም አለቀ።»

«ምኑ አለቀ አባ?» አሉ እማማ ዘነቡ።

«ዛፍሽ ቆመችልሽ። መቃብርሽም እዚሁ ነው። ኑዛዜሽ ደረሰ።»

«እኔ እኮ ወንድ ነው ያልኩ። ምስክር አለኝ።»

አባ አድማሱ ወደ ሰዉ ዞሩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠርገው «ወንድ ነው ያለችው፣ ሰምተናል» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም በልቷል፤ ማንም ዕዳ አልፈለገም።

«ወንዱን ከየት ልናመጣልሽ ነው?» አሉ አባ አድማሱ። «ቆርጠን ጨርሰነዋል።»

ይህንን ቃል በዚያ ቅጥር ውስጥ ሲናገሩት የመጀመሪያቸው መሰለኝ፤ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ዓይናቸው ወደ ዕቃ ቤቱ በር ሄደ። እማማ ዘነቡ አልቸኮሉባቸውም።

«ኸላይ ኸተራራው ችግኝ አለ» አሉ። «ክረምት ሲገባ ወርዶ ይተከላል።»

«ችግኙ ወንድ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አባ አድማሱ እኔን አዩኝ።

«ሲያብብ ነው» አልኳቸው። «ከዚያ በፊት አይታወቅም።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ወንድ ይሁን ሴት ሳይሉ ሁሉንም መጠበቅ ነው፤ ከፍየልም ከመጥረቢያም።»

አባ አድማሱ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ባዶውን የቅጥር ጥግ ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ስንት ነው ታዲያ የምንተክለው?» አሉ።

«ወንድ እስኪወጣ» አሉ እማማ ዘነቡ። «አይቸኩሉ አባ። እኔም ተዝካሬ እንደሆነ ወጥቷል፣ የምሞትበት ጉዳይ የለኝም።»